ጄል፣ ሊቲየም ወይስ ጄኔሬተር? የመብራት መስመር ላልደረሰው የጣና ዳር ቤት

ሶላር ሊገዛ ባሕር ዳር ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ፓኔል ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ሻጩም ስለ ፓኔል ማውራት ይቀለዋል። ፓኔል ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ የማያስቸግረው ነው፤ ካልተሰበረና ጥላ ካልዋለበት 20 ዓመት ያልፋል። ቤቱን የሚያጨልመው ባትሪ ነው፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ሰማይ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ንጽጽር ባትሪው ላይ ይቆያል፤ ጄኔሬተሩንና ትንሹን ኪት ቶሎ ያልፋቸዋል።

ዋጋ በብር አልጻፍንም። የምንዛሬ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በወሩ ያረጃል። በዚያ ፈንታ አንዱን ዋጋ ለሌላው አካፍለው የሚወስኑበትን ስሌት ሰጥተናል፤ በየትኛውም ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው በስልክ ሊያሰሉት ይችላሉ።

ሂሳቡ ከቤት ይጀምራል

መስመር ያልገባለት፣ አምስት ስድስት ሰው የሚኖርበት የሐይቅ ዳር ቤት እንውሰድ። 7 ዋት የሆኑ 4 የኤልኢዲ አምፖሎች ማታ 5 ሰዓት ሲበሩ 140 ዋት-ሰዓት ይወስዳሉ። 3 ስልክ ለመሙላት 45 ይበቃል። 32 ኢንች ቴሌቪዥን በ50 ዋት 4 ሰዓት ሲከፈት 200፣ ሪሲቨሩ በ15 ዋት 60። እስካሁን 445 ነው። 100 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ በቀጥታ ከባትሪ የሚሠራ የዲሲ ፍሪጅ ሲጨመር በሞቃት ቀን 450 ገደማ ይበላል። ድምሩ ወደ 900 ዋት-ሰዓት ይመጣል። የምናወዳድረው በዚህ ቤት ነው።

ባሕር ዳር ላይ በበጋ ፀሐይዋ ጥሩ ናት፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን 6 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ታወርዳለች። ባለሙያዎቹ ይህን «6 ሰዓት ፀሐይ» ይሉታል። የሚገዛው ዕቃ ግን በበጋው ሳይሆን በክረምቱ ተለክቶ ነውና ለስሌት 4 ይያዙ። በኬብል፣ በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ አሞላል የሚባክነው ሲቀነስ 0.7 ያህሉ ይቀራል። 900 ለ (4 × 0.7) ሲካፈል 321 ዋት ነው። 200 ዋት የሆኑ ሁለት ፓኔሎች፣ በድምሩ 400 ዋት፣ ይህን ይሸፍናሉ።

ባትሪው ፀሐይ የሌለባቸውን ሁለት ቀናት እንዲያሻግር 1,800 ዋት-ሰዓት ያስፈልገዋል። ጄል (ደረቅ የሚባለው የእርሳስ ባትሪ) ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት የሚገዛው 3,600 ነው፤ ይኸውም ባለ 12 ቮልት 150 አምፒር-ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት ሲሰጡ ነው። ሊቲየም እስከ 90 በመቶ ድረስ ሊወርድ ስለሚችል 2,000 ይበቃዋል፤ ገበያ ላይ ቅርብ ሆኖ የሚገኘው መጠን 25.6 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት፣ ማለትም 2,560 ዋት-ሰዓት ነው። ሊቲየም ስንል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ማለታችን ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ተለቅሞ የተሰፋውን አይግዙ።

የመኪና ባትሪ ንጽጽሩ ውስጥ አልገባም። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ስለሆነ ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፤ ማታ ማታ ግማሹን ሲያወጡበት በወራት ውስጥ ይሞታል። ርካሽ መስሎ በየዓመቱ የሚገዛ ዕቃ ነው።

ሁለቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን

| | ጄል (ደረቅ ባትሪ)፣ 2 × 12 ቮልት 150 | ሊቲየም፣ 25.6 ቮልት 100 |
|---|---|---|
| ክብደት | እያንዳንዱ ከ40 ኪሎ በላይ | ከ20 እስከ 25 ኪሎ |
| በተግባር የሚያወጡት | 1,800 ዋት-ሰዓት | 2,300 ዋት-ሰዓት |
| ዕድሜ፣ ከመስመር ውጭ | ከ3 እስከ 4 ዓመት | 10 ዓመት ገደማ |
| ሲሞላ የሚባክነው | ከ15 እስከ 20 በመቶ | ከ5 በመቶ በታች |
| የመሙያ ቮልቴጅ | 28.2 – 28.4 | 28.0 – 28.8 |
| ሳይሞላ ሳምንታት ቢቆይ | ይጎዳል | አይጎዳም |
| የቀረውን ለማወቅ | ቮልቴጁ በግምት ይነግራል | ቮልቴጁ አይናገርም፤ በመቶኛ የሚያሳይ ሰሌዳ ያስፈልጋል |

ከሰንጠረዡ ውስጥ ለጣና ዳር ወሳኙ «ሳይሞላ ሳምንታት ቢቆይ» የሚለው መስመር ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በሐምሌ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሰማዩ ከጠቆረና ፀሐይዋ በቀን 2 ሰዓት ያህል ብቻ ከሰጠች፣ 400 ዋቱ ፓኔል በቀን 560 ዋት-ሰዓት ያስገባል። ቤቱ 900 ይበላል። በየቀኑ 340 ይጎድላል፤ በሦስተኛው ማታ 1,020 ጎድሏል። በአራተኛው ቀን ገለጥ ብሎ 4 ሰዓት ፀሐይ ቢገኝ የሚገባው 1,120 ነው፤ ትርፉ 220 ብቻ። የጎደለውን ለመመለስ እንዲህ ያሉ አምስት ቀናት በተከታታይ ያስፈልጋሉ፤ በሐምሌ ግን አምስቱ ቀን ሳይሞላ ሌላ ደመና ይመጣል።

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያየውም። አምፖሉ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ጄሉም ከግማሽ በላይ ነው። ውስጡ ግን ሙሉ ሳይሞላ በቀረ ቁጥር በእርሳሱ ሰሌዳ ላይ የሚቀረው ሰልፌት እየጠነከረ ይሄዳል። የጠነከረው ክፍል ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪክ አይዝም። መስከረም ጠብቶ ፀሐይዋ ስትመለስ ባትሪው «ቶሎ ሞላ» ይላል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ቶሎ የሞላው ግን አቅሙ ስላነሰ ነው። ሁለት ሦስት ክረምት እንዲህ ካለፈ 150 የተጻፈበት ባትሪ 70 እንኳ አይሰጥም።

ሊቲየም ይህ ሕመም የለበትም። እንዲያውም ከ40 እስከ 70 በመቶ መካከል ሲቆይ ይመቸዋል። ሊቲየም የማይወደው ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ የታኅሣሥ ሌሊቷ እንኳ እዚያ አትደርስም። ሁለቱንም የሚጎዳው ሙቀት ነው፤ ጄል ግን ይብስበታል። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የጄል ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪው ቆርቆሮው ሥር ባለው ቆጥ ላይ አይሰቀልም፤ በጭቃ ግድግዳ ጥላ ያለው ጥግ ላይ፣ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ክብደቱም ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ደቅ ወይም ወደ ሌላ ደሴት በጀልባ የሚጭን ሰው ሁለቱን ጄል ከመርከብ ማረፊያው እስከ ቤቱ ድረስ በአቀበት ሊያሸክማቸው ነው። በዋስትና ሊያስቀይር ሲፈልግ ደግሞ ያንኑ መንገድ መልሶ ሊያስጭናቸው ነው። ሊቲየሙን አንድ ሰው ያነሳዋል።

*የዋጋው ስሌት።* የሊቲየሙን ዋጋ ለሁለቱ ጄል ድምር ዋጋ ያካፍሉ። ዕድሜያቸው በሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚለያይ እስከ 3 ድረስ ቢደርስ እንኳ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። የዛሬ ብር ከነገ ብር ስለሚበልጥ እኛ የምንቆርጠው 2.5 ላይ ነው። ውጤቱ ከዚያ በታች ከሆነ ሊቲየም፤ በላይ ከሆነ ሌላ ሱቅ ይጠይቁ። ጀልባና ተሸካሚ የሚከፈልበት ቦታ ከሆነ የመጓጓዣውን ዋጋ ጨምረው ያካፍሉ፤ ለጄሉ ግን በአሥሩ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይቁጠሩት።

ጄል የሚሻልበት ቤት

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ መብራት ኖሮት የሚጠፋበት ሰው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ባትሪው አብዛኛውን ቀን በመስመሩ ይሞላል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ብቻ ይወርዳል። ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ደግሞ ለጄል ምቾት ነው፤ ለሊቲየም ግን 100 በመቶ ላይ ተጠብቆ መዋል ዕድሜ ይነካል። ስለዚህ ቀበሌ 14 ላይ ያለ ሱቅና ከሐይቁ ማዶ ያለ ቤት ከአንድ ነጋዴ አንድ ዓይነት ባትሪ ሲገዙ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ለከተማው ሱቅ ጄል፣ ኢንቨርተሩም (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ዕቃ) ባትሪውን ከመስመር የሚሞላ ዓይነት፤ የመሙያው ፍሰት ለባለ 150ው ከ30 አምፒር አይበልጥ።

ሌላም ጄልን የምንመርጥበት ምክንያት አለ፤ እሱም አሁን ያለው ገንዘብ ለሊቲየም የማይበቃ ከሆነ ነው። ያኔ ፓኔሉን ከ400 ወደ 600 ዋት ከፍ ያድርጉ። በክረምት ጄልን የሚያድነው ትርፍ ፓኔል ነው። ፓኔሉ ነገ ሊቲየም ሲገዛም አይጣልም።

ሁለት ጄል በተከታታይ ሲታሰሩ በየወሩ እያንዳንዱን በቴስተር ይለኩ። በሚሞሉበት ሰዓት በመካከላቸው ከ0.3 ቮልት በላይ ልዩነት ከታየ አንዱ ሌላውን እየጎተተው ነው፤ ማመጣጠኛ ይግዙ ወይም ባትሪዎቹን ነጥለው በየራሳቸው ይሙሏቸው። አዲሱን ከአሮጌ ጋር ማሰር ደግሞ አዲሱን መቅበር ነው።

ጄኔሬተር፦ ለክረምት ረዳት እንጂ ለዘወትር አይሆንም

ለዚሁ ቤት ባለ 2 ኪሎዋት የቤንዚን ጄኔሬተር ማታ 5 ሰዓት ቢነሳ፣ ጭነቱ ትንሽ ቢሆንም በሰዓት 0.7 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በቀን 3.5፣ በወር ከ100 ሊትር በላይ። ይህን በአካባቢዎ በጄሪካን በሚሸጥበት ዋጋ ያባዙት፤ የማደያውን ዋጋ አይያዙ። ዘይቱ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል፤ በቀን 5 ሰዓት ሲሠራ 100 ሰዓት ማለት 20 ቀን ነው። ፍሪጁም ሌሊቱን ይጠፋል።

ሰሌዳው ላይ የተጻፈውንም አይመኑ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ባለ 1 ኪሎዋቱ እዚህ ሲደርስ 800 ዋት ነው። ካርቡረተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ሻጩ ለደጋ የሚሆን ጂግለር (ካርቡረተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ካለው አብሮ ይግዙ።

ረዳት ሆኖ ግን ዋጋ አለው። ባለ 1 ኪሎዋት ጄኔሬተርና ባለ 20 አምፒር የ24 ቮልት ባትሪ መሙያ ካለ፣ መሙያው 540 ዋት ያህል ያስገባል፤ ሁለት ሰዓት ሲሠራ የአንድ ቀን ፍጆታ ይሞላል። 30 አምፒር መሙያ እንዳይገዙ፤ 800 ዋቱን ጥርግ አድርጎ ወስዶ ጄኔሬተሩን ያንቀዋል። እዚህም ላይ ባትሪዎቹ ይለያያሉ። ሊቲየም እስከ መጨረሻው ድረስ በሙሉ ፍሰት ይቀበላል። ጄል ግን 80 በመቶ ከደረሰ በኋላ እየቀነሰ ነው የሚወስደው፤ የመጨረሻውን 20 በመቶ ለመሙላት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጄሉን የሚያድነው ያው የመጨረሻው 20 በመቶ ሆኖ ሳለ እሱን በቤንዚን መሙላት ቤንዚን ማፍሰስ ነው። ካልቀረ ጠዋት በጄኔሬተር እስከ 80 አድርሰው ቀሪውን ለፀሐይ ይተዉት።

ከክረምት በኋላ ሲቀመጥ ካርቡረተሩን ያድርቁት። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግተው እስኪጠፋ ያሠሩት። ቤንዚን ሆዱ ውስጥ ከቆየ ሙጫ ይሆንና በሚቀጥለው ሰኔ አይነሳም።

ትንሹ ኪት

ሦስት አምፖል፣ የስልክ መሙያና ሬዲዮ ያለው፣ ፓኔሉ ከ10 እስከ 50 ዋት የሆነ የታሸገ ኪት ለኩራዝ ምትክ ይሆናል። ከዚያ አይለፉት። ፍሪጅም ቴሌቪዥንም ለማይፈልግ ሰው ከላይ ያለው ሁሉ አያስፈልገውም፤ ኪቱን ገዝቶ ይረፍ። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት መሆኑንና ለብቻው የሚቀየር መሆኑን ብቻ ይጠይቁ። ተለጥፎ የተዘጋ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ዕቃው ሁሉ ያልቃል።

ፓኔልና ኮንትሮለር፦ ብዙ ገንዘብ በዝምታ የሚጠፋበት ቦታ

በፓኔሉና በባትሪው መካከል ገብቶ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት ነው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ያወርደዋል። ኤምፒፒቲ የሚባለው የፓኔሉን ትርፍ ቮልቴጅ ወደ አምፒር ይለውጠዋል። በእኛ ቤት ሁለቱ 200 ዋት ፓኔሎች በተከታታይ ሲታሰሩ 38 ቮልት ገደማ በ10.5 አምፒር ይሰጣሉ። በፒደብሊውኤም ባትሪው የሚያገኘው 10.5 አምፒር በ26 ቮልት፣ ማለትም 273 ዋት ነው። በኤምፒፒቲ 380 ይደርሳል። ልዩነቱ ከግማሽ ፓኔል በላይ ነው፤ በክረምት ደግሞ ያ ግማሽ ፓኔል ነው የሚፈለገው። የሚገዛው ኤምፒፒቲ 100 ቮልት 20 አምፒር ይሁን።

በጣም የሚያሳስተው ትልቁ ፓኔል ነው። ገበያው ላይ ያሉት 400 ዋት ገደማ የሆኑ ፓኔሎች ብዙዎቹ የሥራ ቮልቴጃቸው 31 ገደማ ነው። አንድ ብቻ ገዝቶ ከ24 ቮልት ባትሪ ጋር ያሰረ ሰው ጠዋት ሲሠራ ያየዋል። ቀትር ላይ ግን ፓኔሉ ሲግል ቮልቴጁ ወደ 28 ይወርዳል፤ ባትሪው ሙሉ ለመሆን የሚፈልገው ደግሞ 28.4 ነው። ስለዚህ ፀሐይ እያቃጠለች ባትሪው አይሞላም፤ ጥፋቱም በባትሪው ይላከካል። መፍትሔው ከእነዚህ ፓኔሎች ሁለቱን በተከታታይ ማሰር ነው። ይኸው ፓኔል ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር በፒደብሊውኤም ቢታሰር ደግሞ ከ400ው ዋት 170 ብቻ ነው የሚያስገባው።

ባለ 12 ወይስ ባለ 24 ቮልት ለሚለው፣ በቀን ከ500 ዋት-ሰዓት በታች ለሚጠቀም 12 ይበቃል። ከዚያ በላይ 24፤ በኬብሉ ብቻ ልዩነቱን ያገኙታል። 1,000 ዋት ኢንቨርተር በ24 ቮልት 46 አምፒር ስለሚስብ ባለ 16 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ኬብል ይችለዋል፤ በ12 ቮልት 93 አምፒር ነው፣ ባለ 35 ካሬ ይጠይቃል።

ከፓኔል እስከ ኮንትሮለር 15 ሜትር ከሆነ ባለ 6 ካሬ ኬብል ይግዙ፤ ብክነቱ 2.4 በመቶ ነው። የቤት መብራት የሚዘረጋበትን ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ የሚያስር ሠራተኛ ካለ ያስቁሙት፤ 6 በመቶ ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሰቃቀሉ ላይ፦ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ዝንባሌው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ። ከዚያ አይቁም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ የቆመ ፓኔል በትክክል በሚፈለግበት ወቅት ጀርባውን ይሰጣታል። ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ አይተኛ፤ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም። ቡሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ማገሩን ይያዝ፤ ከቆርቆሮው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አየር ይለፍበት። ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ይጠፋል፤ ግሎ 60 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል ከ10 በመቶ በላይ አጥቷል።

ዜጌ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ጥላ ነው። ቡናው ያለ ዛፍ አይኖርም፤ ፓኔል ደግሞ ከዛፍ ጋር አይኖርም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ጥላ የማያርፍበትን ቦታ በዓይን እየተከታተሉ ይፈልጉ፤ ከተገኘ ከቤቱ 20 ሜትር ቢርቅም በምሰሶ ላይ ይሰቀል፣ ኬብሉ ይወፍር። አንድ ቅርንጫፍ የፓኔሉን አንድ ጥግ ቢሸፍን የሚጠፋው ጥጉ ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ በተከታታይ ስለታሰሩ ሲሶው ወይም ግማሹ አብሮ ይወድቃል። የወፍ ኩስም እንደዚያው ነው። ጠዋት፣ ብርጭቆው ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ።

ኢንቨርተርና ፊውዝ

ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ፣ 24 ቮልት፣ 1,000 ዋት ይበቃል። ርካሹ ዓይነት ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ስለሆነ ሞተርን ያግላል፣ ድምፅ ማጉያን ያስጮኻል። ከዋቱ ይልቅ የሚያሳስበን ሥራ ፈትቶ የሚበላው ነው፤ ምንም ሳይሰካበት ከ10 እስከ 20 ዋት ይስባል። ሌትና ቀን ከተተወ በቀን እስከ 480 ዋት-ሰዓት፣ የቤቱን ፍጆታ ግማሽ፣ ለራሱ ይበላል ማለት ነው። ፍሪጁ ዲሲ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው፤ ኢንቨርተሩ ሲተኙ ይጠፋል፣ ፍሪጁ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው ይሠራል።

ፊውዝ ከባትሪው በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ፤ ለኢንቨርተሩ 63 አምፒር፣ በኮንትሮለሩና በባትሪው መካከል 25 ወይም 30። ብሬከር ከሆነ «ዲሲ» የሚል ይኑርበት። ለቤት መብራት የሚሸጠው ብሬከር በዲሲ ሲቆርጥ ውስጡ የሚፈጠረውን ብልጭታ ማጥፋት አይችልም፤ ይቀልጣል። በሊቲየም ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሁለቱ ጫፎች ቢነካኩ በሺህ የሚቆጠር አምፒር ይለቃል።

ሲታሰር መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ከዚያ ፓኔሉ። ሲፈታ በተገላቢጦሽ። ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪው ዓይነት በትክክል ይመረጥ። ብዙ ኮንትሮለር ከፋብሪካ ሲወጣ ለእርሳስ ባትሪ ተስተካክሎ ነው፤ ለአሲድ ባትሪ የተሠራው በየወሩ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ማመጣጠኛ ጄሉን ያደርቀዋል፣ የሊቲየሙንም መከላከያ ሰሌዳ (ውስጡ ሆኖ ባትሪውን የሚጠብቀውን ኤሌክትሮኒክስ) ያስቆርጣል። ሊቲየም ከሆነ የኢንቨርተሩ መቁረጫ 25 ቮልት ገደማ ላይ ይሁን። እስከ ታች ከወረደ የባትሪው ሰሌዳ ራሱን ያጠፋል፤ ኮንትሮለሩ ደግሞ ከባትሪው ኃይል ካላገኘ አይነሳም። ፀሐይም እያለች ቤቱ ሞቶ ይውላል፤ ባትሪው የሚነቃው ከውጭ መሙያ ሲሰጠው ነው።

ሰኔ ሲገባ ጣና ላይ የሚጮኸውን ነጎድጓድ የሚያውቅ ሰው የመሬት ዘንግና የመብረቅ መከላከያ አይረሳም። የፓኔሉ ክፈፍ በወፍራም መዳብ ከዘንጉ ጋር ይታሰር። በዜጌና በደሴቶቹ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነና ዘንጉ ካልገባ፣ ጎን ለጎን ሁለት ሦስት አጫጭር ዘንጎች እርጥበት ባለበት ቦታ ተቀብረው በአንድነት ይታሰሩ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ሚዛን ይጠይቁ። ባለ 25.6 ቮልት 100 ሊቲየም ውስጡ 8 ሴሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ከ17 ኪሎ በታች የመዘነ ባትሪ የተጻፈበትን አይሰጥም። 150 የሚል ጄል 30 ኪሎ ከሆነ ውስጡ 100 ነው። ጄሉን በቴስተር ይለኩ፤ አዲስ ሆኖ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ መጋዘን ውስጥ ሳይሞላ ከርሟል፣ ይተዉት።

ፓኔሉን በሜትር ይለኩ። ዛሬ ያለው ጥሩ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ያህል ይሰጣል። 1.2 ሜትር በ0.55 ሆኖ «300 ዋት» የተጻፈበት ውሸት ነው፤ 130 ቢሰጥ ነው። አምፒሩን ለመለካት ተራ ቴስተር አይጠቀሙ፤ የብዙዎቹ ገደብ 10 አምፒር ስለሆነ ባለ 200ው ፊውዛቸውን ያቃጥለዋል። በዲሲ የሚለካ መቆንጠጫ (ሽቦውን አቅፎ አምፒር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ይያዙ።

ከተቻለ ከመክፈልዎ በፊት ሊቲየሙን ሙሉ አስሞልተው በኢንቨርተር ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ያብሩበት። ከ10 ሰዓት በላይ መቆየት አለበት። ሻጩ ለዚህ ካንገራገረ መልሱን ሰጥቷል።

ምጣዱ

እንጀራን በሶላር ለሚያስቡ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ24 ቮልት 160 አምፒር ማለት ነው፤ አንድ ሰዓት ከተጋገረ ከላይ የተገዛው ሊቲየም ሁሉ አልቆ ገና ሊጡ አላለቀም። ለሳምንት ሁለት ቀን ጋገራ ብሎ ባትሪውን በሦስት እጥፍ ማሳደግ አያዋጣም። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ለጋገራ እሱ ይበቃል።

ከብት ላለው ባዮጋዝ ለወጥና ለቡና ይሆናል። ስንዱ የሚባለው፣ ከመሬት በታች የሚገነባው ባለ ጉልላት ጉድጓድ፣ 6 ሜትር ኩብ ከሆነ በየቀኑ 40 ኪሎ ያህል እበትና እኩል ውሃ ይፈልጋል። ማታ በረት የሚያድሩ 4 ከብቶች ይህን ያወጣሉ፤ አንድ ምድጃን 4 ሰዓት ገደማ ያነዳል። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ግን እሳቱ መሃል ላይ ስለሚያርፍ እንጀራው መሃሉ ሲያርር ጠርዙ ጥሬ ይሆናል። እምቦጩን አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ መክተት ደጋግሞ የሚጠየቅ ነው። ይቻላል፤ ግን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሳይከተፍ ከገባም ይንሳፈፍና መግቢያውን ይደፍናል። በጣት ርዝመት ተከትፎ፣ ለጥቂት ቀናት ጠውልጎ፣ ከእበቱ ጋር ተለውሶ፣ ከሲሶ ሳይበልጥ ይግባ።